የቤት ጸጥታ ልኬት

አፍራሹ ጆሮው ለስላሳ፣ እጁ ድንጋይ ነበር። ይህን ከሚስቱ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራው አሮጌ ሕንፃ ማፍረስ ነው። ቀኑን ሙሉ በመዶሻና በአቧራ መካከል ሲጮህ ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ ማቀዝቀዣው እዝዝ አለ ብሎ ይቆጣል። ማንኪያ ከሰሃን ቢጋጭ ፊቱ ይጠቁራል። ቫዮሊን ሲሰማ ግን እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ያየው ሁሉ "ምን ያለ ሆደ ቡቡ ሰው ነው!" ይላል። ሆደ ቡቡነቱ ቫዮሊኑ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቀው እሷ ናት።

እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት። አፍራሹ ሳሎኑን የሙዚቃ ክፍል ሊያደርገው ባሰበ ጊዜ "ድምፅ ከግድግዳ እየተላተመ እንዳይመለስብኝ" ብሎ ሦስት ድርብ ወፍራም መጋረጃ ከጣሪያ እስከ ወለል አሰፋት። ሰፍታ ከሰቀለችው በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ድምፅ ወደ ውጭ መውጣትም ተወ። ድሮ ቢያንስ ጎረቤቷ በአጥር በኩል ብቅ ብላ "ትናንት ምን ነበር እናንተ ቤት?" ትላት ነበር። መጋረጃው ከተሰቀለ ወዲህ የጠየቃት የለም። የገዛ አፏን በገዛ መርፌዋ እንደ ሰፋችው ቆጠረችው፤ ንዴቱም አልወጣላትም።

የቀራት ሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ጋራዥ አለው፣ ሞተር ብቻውን የሚያነሳ ጉልበታም ነው፣ ለሷ ሲሆን ግን አንጀቱ አይችልም። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ ነግራዋለች። አንዴ ከንፈሯ የተተረተረ ቀን፣ አንዴ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች የተሰበሩ ቀን። ሁለቱንም ጊዜ አፍራሹ ተከትሎ መጣ። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ነውና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው፣ አማቼ። ተኳርፈን ስለነበር በኔ ታሳብባለች። ቀድሜ መታረቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፤ አለቀሰም። ወንድም ጋሼ የወንድ እንባ ማየት አይሆንለትም። "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ። አንቺም ቻል አድርጊው፣ እቴ። ዝም አይነቅዝም" ብሎ በገዛ መኪናው መልሶ አደረሳት።

ከሁለተኛው በኋላ አፍራሹ ጉሮሮዋን አንቆ ይዞ እስከ ሃያ ቆጠረ። "ሦስተኛ ከሄድሽ ቆጠራውን አላቆምም" አላት። እንደማይዋሽ ታውቃለች። ከዚያም ቀን ጀምሮ ፊቷን አይነካም፤ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ ወንድሟ እንዲያምናት። ካላመናት የምትገባበት ሌላ በር የለም፤ የምትተርፍበትም መንገድ የለም።

አፍራሹ ደግሞ የሚመኘው ባለ ጥሩምባ ስፒከር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ያየውን ሁሉ "ቆርቆሮ" እያለ ሰድቦ፣ በመጨረሻ ጥሩምባ በእጁ የሚሠራ ሽማግሌ አናጺ አገኘ። የዚህ ስፒከር ነገር ቀላል ነው። ትንሿ ድምፅ በጠባብ ጉሮሮ ትገባና እየሰፋ በሚሄድ አፍ ትወጣለች፤ ሹክሹክታው ቤት ይሞላል። ምርጫው ሁለት ላይ ደርሶ ቆመ። የአንደኛው አፍ አሉሚኒየም ነው፤ መለከት ሲነፋበት ቆዳ ይሰነጥቃል። የሁለተኛው ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ የሰው ድምፅ ሲያመጣ ትንፋሹን ሳይቀር ያመጣል። አፍራሹ አንድ ቀን አሉሚኒየሙን፣ አንድ ቀን እንጨቱን እያለ እንቅልፍ አጣ። እሷም በሁለቱ መካከል ተደበደበች። በአሉሚኒየሙ ቀን ሾርባው ቀዘቀዘ ተብላ፣ በእንጨቱ ቀን ሾርባው ፈጀኝ ተብላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

አናጺው አንድ ሕግ አለው፤ የቤቱን ጸጥታ ሳይለካ አይሸጥም። "ጥሩምባ ቀጭኗን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ ይሰጥዎታል፤ ቤትዎ ራሱ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ይውጣታል" ይላል። ሰሚው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በጆሮ ልክ፣ ማይክሮፎን ተክሎ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ይተወዋል። አፍራሹ በአናጺው ግድግዳ ላይ የሌላ ቤት ልኬት ተለጥፎ አይቷል፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚል መስመርና ከጎኑ ቁጥር። "እንደ መብራት ቆጣሪ ነው። ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው" ብሎ ሚስቱን አስረዳት። አናጺውን አልጠየቀውም። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ልኬቱ የተደረገው ቅዳሜ ነው። አናጺው በጠዋት መጥቶ ማይክሮፎኑን ሳሎን ተክሎ ሄደ።

"ዛሬ ኮሽ እንዳትይ" አላት አፍራሹ።

የስፌት ማሽኗን ሸፈነች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የቧንቧውን አፍ እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ውሃውን በቀጭኑ ለቀቀች። እስከ ስምንት ሰዓት እንዲህ ዋለች። ስምንት ሰዓት ላይ የድስቱን ክዳን በግራ እጇ አነሳች። የተሰበሩት ጣቶች ከዚያ ወዲህ እሺ አይሏትም። ክዳኑ አምልጧት ወደቀና በጠርዙ ቆሞ ወለሉ ላይ ይሽከረከር ጀመር። እንዲህ ያለ ክዳን ደግሞ ሊቆም ሲል ይብስበታል። ተንበርክካ በሁለት እጇ ስትይዘው ባሏ በሩ ላይ ቆሟል።

ክዳኑን ከእጇ ወሰደና ድምፅ ሳያሰማ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ፀጉሯን በመዳፉ ጠቅልሎ ወደ ሳሎን ጎተታት፤ መጋረጃው ያለው እዚያ ነው።

"አበላሸሽው" አላት። "አንድ ቀን ዝም በይ ብዬ ብለምንሽ፣ አንድ ቀን!"

ሆዷን በቡጢ መታት። ስትጎብጥ ጀርባዋን በክርኑ ደቃት። ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጎኗን በእግሩ አለው፤ ደገመላት፣ ሠለሰላት። ግንብ የቱ ጋ ቢመታ እንደሚናድ የሚያውቅ ሰው ነው። የጎድን አጥንቷ ሲሰነጠቅ እሷም ሰማችው። ለመጮህ ትንፋሽ አልነበራትም፤ የተረፋት ትንፋሽ ለአንድ ጥሪ ብቻ በቃ።

"ወንድም ጋሼ!"

አፍራሹ ሳቀ። "ወንድምሽ? ወንድምሽ እኮ ነው በገዛ መኪናው የሚያመጣልኝ!"

አንድ ጊዜ ጨመረላትና ማይክሮፎኑን ቀና ብሎ አየው። "አባባ አናጺው ይቺን ሰዓት ከሂሳቡ ያወጧታል" አለ። ያንገበገበው የጸጥታው ቁጥር መበላሸቱ ነበር። እሷ ላይ የደረሰው ከቁጥር አልገባም።

እሁድ ጠዋት አናጺው ማይክሮፎኑን ነቅሎ ወሰደ። ረቡዕ ደወለ። "ለመምረጥ ይምጡ። ባለቤትዎም ይምጡ፤ ቤቱ የሁለታችሁ ነው" አለ። አፍራሹ በደስታ ወንድም ጋሼንም ጠራው። "አማቼ፣ ና ጆሮ አውሰኝ! የምታየው ነገር ጉድ ነው!"

ወንድም ጋሼ እህቱን ሲያያት "ከሳሽ እኮ፣ እቴ" አላት። ባሏ ክንዷን ይዞ ስለነበር "ሙቀቱ ነው" አለች። ስትተነፍስ ጎኗን በምላጭ የሚተለትላት ይመስላታል።

የአናጺው ወርክሾፕ እንጨት ፍቅፋቂና ሙጫ ይሸታል። ከኋላ የመስሚያ ክፍል አለ። ሁለቱ ጥንድ ስፒከሮች በጥቁር ጨርቅ ጀርባ ተሸፍነው ቆመዋል፤ ዓይን ጆሮን እንዳያታልለው ነው። ወንዶቹ ወንበራቸውን ሲያመቻቹ አናጺው ወደ እሷ ዞረ። "ልጄ፣ አንቺ የጨርቅ ባለሙያ ነሽ። ይሄ ጀርባው ተተርትሮብኛል፣ እስቲ እይልኝ።"

ከጨርቁ ጀርባ ገባች። ምንም የተተረተረ የለም።

"መሣሪያው ድምፅ ነው የሚቀዳው፣ ልጄ። ቁጥሩን እኔ ነኝ ከድምፁ የማወጣው። የቅዳሜውን ሰማሁ።"

መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነው። ገመናዋን ባዳ ሰው ሰማው! ከእፍረቱ በኋላ ፍርሃቱ መጣ፤ የጥሩምባውን ጠርዝ ያዘች።

"ለማንም አላሰማሁም" አለ ሽማግሌው በሹክሹክታ። "አጥፋው ካልሽኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ስጠኝ ካልሽ ይኸው፣ በፍላሽ አድርጌልሻለሁ። ምን ላድርግልሽ?"

ፍላሹን ይዛ ብትሄድ ምን እንደሚሆን አሰበች። አፍራሹ ቀድሟት ይደርሳል። ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ "ከፊልም የተቀዳ ነው" ይላል። ወንድም ጋሼም ያምነዋል። ከዚያ ቆጠራው ይጀመራል። ሁለቱ ወንዶች ሳይነጋገሩ፣ ፊት ለፊት መሆን አለበት፤ አፍራሹ ማስተባበያ ሳያዘጋጅ፣ እንባው ሳይቀድም።

"አሁን ያጫውቱት" አለች።

"እሱ ባለበት?"

"ወንድሜ ባለበት።"

ሽማግሌው እሺ አለ። "ሁለቱን እንጨት ጠራቢዎቼን በሩ ላይ አቆማለሁ። በየትኛው ላጫውተው?"

"በእንጨቱ" አለች። ትንፋሽ ሳይቀር የሚያመጣው እሱ ነው።

ተመልሳ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። አናጺው በመጀመሪያ ቫዮሊን በአሉሚኒየሙ፣ ቀጥሎ ያንኑ ቫዮሊን በእንጨቱ አሰማቸው። አፍራሹ ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ። ወንድም ጋሼም "ወይ ጉድ!" አለ፤ ቫዮሊን የሚጫወተው ሰው ከጨርቁ ጀርባ ያለ ነው የሚመስለው። "አሁን ደግሞ" አለ አናጺው፣ "ሌላ ላሰማችሁ።"

ክዳን ወደቀ። ወንድም ጋሼ ደንግጦ እግሩ ሥር አየ። ክዳኑ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ቆመ።

"ምን ያለ ጥራት ነው!" አለ አፍራሹ፤ ዓይኑን አልገለጠም። የገዛ ቤቱን አላወቀውም።

ቀጥሎ የሚጎተት ሰው እግር ተሰማ። ቀጥሎ የራሱ ድምፅ፣ ከራሱ በላይ ጠርቶ፣ "አበላሸሽው" አለ። አፍራሹ ዓይኑን ገለጠ። ቡጢው ሲያርፍ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ያረፈ ይመስል ነበር። እግሩ ተሰማ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የአጥንቱ ድምፅ ትንሽ ነበር፤ እንጨቱ ግን አልዋጠውም። ከዚያ በክፍሉ ሙሉ፣ ትንፋሹ የተቆረጠ የሴት ድምፅ፦ "ወንድም ጋሼ!"

ወንድም ጋሼ ሳያስበው "አቤት!" አለ። የመጣለት መልስ "ወንድምሽ እኮ ነው በገዛ መኪናው የሚያመጣልኝ!" የሚል ነበር።

"አጥፋው!" አፍራሹ ጨርቁን ቦጭቆ ጣለው። ሦስት ወር የተመኘውን እንጨት በቡጢ ሰነጠቀው፤ የግራው ዝም ሲል የቀኙ ሳቁን ቀጠለ። ዞሮ ወደ ሚስቱ ተወረወረ። ወንበሩ ከነሷ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሁለት እጁ ጉሮሮዋ ላይ ነው፤ ከንፈሩ እየቆጠረ ነበር። ስድስት ላይ ሲደርስ ወንድም ጋሼ ማጅራቱን ይዞ እንደ ሞተር ነቀለው።

ግድግዳው ላይ አላተመው። አፍራሹ ተነስቶ በጭንቅላቱ ቢገጨው የወንድም ጋሼ ቅንድብ ተፈነዳ፤ ደሙ ዓይኑን ጋረደው፤ እሱ ግን እያየም አይደለም የሚመታው። አፉን መታው፣ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጣበት። ጠራቢዎቹ በሁለት ክንዱ ተንጠለጠሉ፤ ይዟቸው ይመታል። የአፍራሹ እጅ መከላከል ትቶ ተዘረጋ።

"ይሙት!" ይላል። "ይሙት! ይሙት!"

"ተው!" አለች። ጉሮሮዋ ስለተጎዳ ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ነው የወጣው። "ተው፣ ወንድም ጋሼ! እሱ ሞቶ አንተ ልትታሰርልኝ ነው?"

ክንዱ አየር ላይ ቀረ። አናጺው መሣሪያውን አጠፋው። አፍራሹ በአፍንጫው ደም እያንኮራፋ ይተነፍሳል፤ አልሞተም። ከጠራቢዎቹ አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ሮጠ።

ወንድም ጋሼ በጉልበቱ ድሆ ወደ እህቱ መጣ። ሊነካት እጁን ዘረጋና ደም መሆኑን ሲያይ መለሰው። ያ ጋራዥ ሙሉ ሰው የሚያዝ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"እህቴ" አላት። "አላወቅሁም እኮ። አልሰማሁም ነበር።"

ጎኗን ይዛ ቀና አለች። ትወደዋለች፤ ያን ያህልም ተቆጥታዋለች፤ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ አልነበራትም።

"ሰምተኸኝ ነበር" አለችው። "ቤትህ መጥቼ ሁለት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ጎንህ ተቀምጬ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳንራራቅ። ድምፄ ያኔም ይሄው ነበር፣ ወንድም ጋሼ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ አናጺው አዞረችና ፍላሹን እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።