ሦስት ከቅርብ፣ አንድ ከሩቅ

ቤዛ ወልደሥላሴ ኳስ ስትይዝ ከቀለበቱ በቀር ምንም አይታያትም። የቡድን ጓደኛዋ ባዶ ቦታ ላይ ቆማ እጇን ብታውለበልብ፣ አሠልጣኙ ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጣራ፣ እሷ ትወረውራለች። ወርውራም አብዛኛውን ጊዜ ትስታለች። ስትስት ታዲያ አንገቷን አትደፋም፤ ጥፋቱ የቀለበቱ ይመስል ገልመጥ አድርጋው ትመለሳለች።

የኮሌጇ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ናት። አጭር ናት ማለት አጭሮችን መሳደብ ነው። አባቷ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑም፣ እሷ ተወልዳ ያደገችው ጋምቤላ ስለሆነ ሙቀቱን የምታማርረው እንግዳ ሲኖር ብቻ ነው።

ቡድኑ ሲመሠረት ከተማው ዋንጫውን አስቀድሞ ሰጥቶት ነበር፤ በኛቴኒ ምክንያት። ኛቴኒ ከማታር የመጣች የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። በር ላይ ጎንበስ ብላ የምትገባው በትሕትና አይደለም። ትንሽ ከተንጠራራች መረቡን ትነካለች። የገበያ ዓሣ ሻጮች ሳይቀሩ "እሷ ካለች ምን ችግር አለ?" ይሉ ነበር።

ችግሩ እሷው ሆና ተገኘች። ኛቴኒ ከቀለበቱ ሥር አትወረውርም። ኳስ ይዛ ሥሩ ድረስ ትገባና፣ ማስገባቱ ዕቃ ቁም ሣጥን ላይ እንደ ማስቀመጥ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ዞር ብላ እያነጠረች ወደ ሦስት ነጥቡ መስመር ትወጣለች። ከዚያ ትወረውራለች። ኳሷ ሰሌዳውን የነካችበት ቀን እንደ ዓመት በዓል ይቆጠራል። እንግዲህ አጭሯም ከሩቅ፣ ረጅሟም ከሩቅ። የቀሩት ሦስቱ ልጆች መሮጡም ስፖርት ነው ብለው ይሮጣሉ።

አሠልጣኛቸው ዊሊያም የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ያደገ። አማርኛውን አሳጥሮ ነው የሚናገረው። በአቦቦ መንገድ ያለው ኮሌጅ በመጀመሪያው ጨዋታ መቀለጃ ካደረጋቸው በኋላ ሰበሰባቸው።

"ዛሬ ከሩቅ ስንት ወረወርን?"

አንዷ በጣቷ መቁጠር ጀምራ ተወችው።

"እኔም አላውቅም። መቁጠር ደከመኝ። ከሩቅ ስንት ገባ? እሱን አውቃለሁ። አንድ። እሱም ፓስ ነበር።"

እውነቱን ነው። ቤዛ ያቺን ኳስ የወረወረችው ከሦስቱ ሯጮች ለአንዷ፣ ለኛጋች፣ ልታቀብል ነበር። በዚያ ቀን ለማቀበል የሞከረችው ያቺን አንዷን ኳስ ብቻ ሲሆን እሷም ቀለበቱ ውስጥ ገባች። ቤዛ ግን የተሰጥኦ ምልክት አድርጋ ነበር የወሰደችው።

"ከአሁን በኋላ ሕግ አለ" አለ ዊሊያም። "ቀለበቱ ሥር፣ ቀለም የተቀባው ውስጥ ካልገባን ሹት የለም። ከውጭ የወረወረች ትወጣለች።"

በሁለተኛው ጨዋታ ሕጉን አከበሩት፤ አከባበራቸው ግን ለጉድ ነበር። አምስቱም ከመስመሩ ውጭ ቆመው ኳሷን እንደ ትኩስ ፍም ተቀባበሏት። ወደ ውስጥ የሚገባ የለም፣ ከውጭ የሚወረውር የለም። ተጋጣሚዎቻቸው መከላከሉን ትተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ዳኛው ሰዓት አለፈ እያለ ፊሽካ ይነፋል። ማንጎው ጥላ ሥር ከተቀመጡት ተመልካቾች አንዱ "ኧረ ኳሷም ዞረባት" አለ።

መጨረሻ ላይ ኳሷ እንደ ምንም ኛቴኒ እጅ ገባች። ቀለበቱ ሥር ናት፤ አጠገቧ ሰው የለም። ኛቴኒ ቀለበቱን አየችው፣ ዞረች፣ እያነጠረች ከመስመሩ ውጭ ወጣች፣ ወረወረች፣ ሳተች። የማለቂያው ፊሽካ ተነፋ። ዊሊያም ተነሥቶ "ኛቴኒ፣ ውጪ" አላት። ጨዋታው አልቋል፤ ሕግ ግን ሕግ ነው።

ቤዛ ቧንቧው ጋ ተከትላ ደረሰችባት።

"ኛቴኒ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቀለበቱን ትፈሪዋለሽ እንዴ?"

"አልፈራም።"

"ታዲያ ሥሩ ደርሰሽ ምን ያስሮጥሻል?"

ኛቴኒ ፊቷን ታጥባ ቀና አለች። "ከሥር ባገባ ሰው ምን ይላል? 'ረጅም ስለሆነች ነው።' ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ኛቴኒ፣ ያንን አውርጂ። ኛቴኒ፣ አምፖል ቀይሪ። ጎበዝ ነሽ ያለኝ ሰው የለም። ከሩቅ ካገባሁ ግን ቁመት ነው አይሉኝም።"

ቤዛ ልትስቅ ነበር፤ ግን የራሷ ነገር ትዝ አላት። እሷም ከሩቅ መወርወር የጀመረችው "አንቺ አጭር ነሽ፣ ይህ ጨዋታ ላንቺ አይሆንም" ያለቻትን የስፖርት መምህርት ለማናደድ ነበር። መምህርቷ ከተማውን ለቅቃ ከሄደች ቆይታለች፤ ቤዛ ግን እስካሁን እየወረወረች ነው።

"እሺ ስሚ" አለች። "ሦስት ከሥር አግቢልኝ። ከዚያ አንድ ከሩቅ ትወረውሪያለሽ፤ ኳሷን የማመጣልሽ እኔ ነኝ። ብትስቺም አፌን አልከፍትም።"

"ሁለት ለአንድ ይሁን።"

"ሦስት። በሁለት ማን ያሸንፋል?"

"አንቺስ? አንቺም እኮ ትወረውሪያለሽ።"

ቤዛ ይህን አላሰበችበትም። ሐሳቧ የሌላውን ሰው ጠባይ ማረም ብቻ ነበር። "እኔ ከሩቅ አልወረውርም" አለች በመጨረሻ፤ ቃሉ ሲወጣ ጥርሷን የነቀሉባት ያህል አመማት።

"ኮችስ?"

"ኮች ከሥር ሲገባ ካየ ሌላው አይታየውም።"

ሦስተኛው ጨዋታ ከዚያው ከአቦቦ መንገዱ ኮሌጅ ጋር ነበር። ቤዛ የመጀመሪያዋን ኳስ ይዛ ስትመጣ እጇን በላት፤ ጥርሷን ነክሳ ለኛቴኒ አቀበለች። ኛቴኒ መራራ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው ፊቷን አጨማዳ አስገባች። ደገመች። ሠለሰች። ከዚያ ያለ ምንም ወሬ ወደ ውጭ ወጣች፤ ቤዛም ቃሏን ጠብቃ ኳሷን ሰጠቻት።

ዊሊያም ብድግ አለ። የኛቴኒ ኳስ ሰሌዳውን ተሻግራ አጥሩን ዘለለች። ፈልገው እስኪያመጧት ጨዋታው ቆመ። ዊሊያም የነጥብ ሰሌዳውን አየ፤ እየመሩ ነው። "ውሃ ልጠጣ ነው የተነሣሁት" አለና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ተጋጣሚዎቹ አራት ሆነው ኛቴኒን ከበቧት። ኛቴኒ ከመሃላቸው ኳሷን ወደ ውጭ መልሳ ለቤዛ ሰጠቻት። ቤዛ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አጠገቧ የለም። ዕድሜዋን ሁሉ ፊቷ ላይ እጅ ተዘርግቶባት ስትወረውር ኖራ፣ ዛሬ ገና ሰፊ ቦታ አገኘች።

"ወርውሪ" አለች ኛቴኒ፣ ከአራት ሰው መሃል።

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ምሬሻለሁ፤ ወርውሪ።"

ቤዛ ወረወረች። ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ መረቡ ውስጥ ገባች። ማንጎው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። ዊሊያምም ተነሣ፤ "ቤዛ፣ ውጪ" አለ።

"ገብቷል እኮ!"

"አይቻለሁ።"

"ኛቴኒም ወርውራለች።"

"ኛቴኒ ሳተች። በሷ ማንም አይቀናም። አንቺ አገባሽ። አሁን ሁሉም ይወረውራል።"

ቤዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልትናደድ ፈለገች፤ ግን ሰውዬው ልክ መሆኑ ገባት፤ ይኸው ሌላዋ ሯጭ ኛሙዎን ከወዲያ ማዶ ሆና ከሩቅ እያነጣጠረች ነው። ቡድኑ እንዲህም ሆኖ አሸነፈ። ኛቴኒ ከሩቅ ከወረወረችው አንዱም አልገባም።

ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ወደ ከተማ ተመለሱ። ኛቴኒ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ ተቀምጣለች።

"ማን አሸነፈ?" አለ ነጂው።

"እኛ" አለች ቤዛ።

ነጂው ኛቴኒን በመስታወቱ አያት። "እሷን ይዛችሁማ።"

የኛቴኒ ፊት ሲጠወልግ ቤዛ አየች። "ከሩቅ ነው ያገባችው" አለች ፈጠን ብላ። "ሁሉንም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ።"

"እውነት?"

ኛቴኒ ፊቷን ወደ ባሮ ወንዝ አዞረች። "እውነት ነው" አለች።