የሁለት ሰው ፍራሽ

ልጄ አንዊ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን የነገረችኝ ጓዳ አስገብታኝ፣ በሩን ዘግታ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ነው። እልል የሚባልለት ወሬ ነበር። እኛ ባመንዳ ግን በዚያ ዓመት «ትምህርት» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ከመንግሥት ጋር የሚዋጉት የጫካ ልጆች ጦርነቱ ሳያልቅ ማንም ትምህርት ቤት እንዳይሄድ ብለዋል። ሰፈር ውስጥ «ልጆቹ» ብቻ ነው የምንላቸው። ጎረቤታችን ፓ ቹንግ ለልጁ ደብተርና የአዳሪ ተማሪ ሳጥን ገዝቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙት። ሲለቁት እግሩ ተሰብሮ ነበር። እግሩ እንኳ ድኗል፤ አፉ ግን አልተከፈተም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ዝም ብሎ ያያል።

ባሌ ንዲፎር ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። ፓ አንዊ እለዋለሁ፣ እሱም ማሚ አንዊ ይለኛል። የወለድነው እሷን ብቻ ስለሆነ የምንጠራው በእሷ ነው። ወሬውን ስነግረው ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ደንዝዞ ቀረ።

«የት ነው የደረሳት?»

«ቻንግ።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ከክልላችን ድንበር ማዶ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ጋ ነው፤ እዚያ ማንም አይነካትም።» ድምፁን ቀነሰ። «እስክትደርስ ድረስ ነው እንጂ።»

የዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል የብረት አልጋና ባዶ ጣውላ ብቻ እንዳለው ሰምተናል። ፍራሹም፣ ድስቱም፣ ባልዲውም፣ ምድጃውም ከቤት ነው የሚሄደው። በአንድ ቀን ቢገዛ ዓይን ይገባል። ስለዚህ ጊዜው ገና ሳለ ጀመርን፤ ዛሬ አንድ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ አንድ። ድስቱን በጎመን ሸፍኜ አመጣሁት። አንሶላውን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ከላይ ሽርጤን አስሬ ገባሁ። ባሌ ሲያየኝ ሳቁ አመለጠው።

«ማሚ አንዊ፣ ሳትነግሪኝ አረገዝሽ እንዴ?»

እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ውጭ ሞተር ብስክሌት ሲቆም ሰማንና ሁለታችንም ጸጥ አልን። የስልክ ደንበኛ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባልዲ የገዛሁ ዕለት ነው። ባልዲውን አንጠልጥዬ፣ የጋዝ ምድጃ አቅፌ ከሱቁ ስወጣ ማ ኦዲሊያ ፊቴ ቆመች። እቁብ አብረን የምንጥል ሴት ናት። ሳቂታ፣ ደግ ናት፤ የእህቷ ልጅ ግን ከልጆቹ አንዱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም።

«ውይ ማሚ አንዊ! ባለፈውም ድስት ይዘሽ አይቼሻለሁ። ይኼ ሁሉ ዕቃ ለማነው? ቤት ልትቀይሩ ነው?»

ምን እንደምል ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

«አንዊን ልንድራት ነው።»

ገበያው መሃል እልልታዋን አቀለጠችው። ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ ተቀበሏት። እኔ ባልዲውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ፈገግ አልኩ።

ቤት ገብቼ ስናገር ባሌ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አንዊ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አፈጠጠችብኝ።

«ማሚ፣ ማንን ነው ያገባሁት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ታላ ይባላል» አለ አባቷ፣ ግድግዳውን እያየ። «ማዶ ያለ ሰው ነው። ዶሮ ያረባል።»

«ፓፓ፣ ዶሮ ይሸተኛል እኮ።»

«ትለምጂዋለሽ።»

በዚያ ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው። ውሸቱ ከእጃችን ወጣ። ሰው ሠርጉ መቼ ነው ይላል፣ ሽማግሌ ማን መጣ ይላል። ባሌ «በጦርነት ጊዜ ምን ሠርግ አለ፣ ዝም ብለን እንሸኛታለን» እያለ ይመልሳል። ሌሎችም እንዲሁ ልጆቻቸውን በዝምታ ስለሚድሩ አመኑን። ማታ ግን ብርድ ልብሱን ገልጦ ይነሳና የበሩን መቀርቀሪያ ይነካል። ተመልሶ ይተኛል፤ ደግሞ ይነሳል።

ፍራሹ ቀረ። ማ ኦዲሊያ «የሙሽራ ፍራሽማ ብቻሽን አትገዢም፣ እኔ ነኝ የምመርጥላት» ብላ በጠዋት በራችን ላይ ተገኘች። እምቢ ብል ምን እላለሁ? ባሌን ጨምረን ሦስታችን ሄድን። የሱቁ ባለቤት ገና እንደገባን ጠየቀ።

«የስንት ሰው ይሁን?»

እኔ ስንት ሌሊት ያቺን ጠባብ የብረት አልጋ እያሰብኩ ያደርኩ ሴት ነኝ። «የአንድ ሰው» አልኩ።

ማ ኦዲሊያ ስፖንጁን እየጫነች ትፈትሽ ነበር። እጇን ሳታነሳ አንገቷን ብቻ ወደ እኔ አዞረች። ሳቅዋ ከፊቷ ጠፋ።

«የአንድ ሰው? ለሙሽራ?»

ባሌ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘ፤ መያዙን እንጂ መደገፉን ማንም አላየም።

«ተያት ማ ኦዲሊያ! እኔ ስለማንኮራፋ ሳሎን እየተኛች ባልና ሚስት በአንድ ፍራሽ እንደሚተኙ ረስታለች። የሁለት ሰው አምጣ፣ ወፍራሙን!»

ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። ማ ኦዲሊያም ሳቀች፤ ግን ትንሽ ቆይታ ነው። ያቺን ትንሽ ቆይታዋን እስክንሄድ ድረስ ሳስባት ነበር። ለእህቷ ልጅ ነግራው ይሆን? ውሻ በጮኸ ቁጥር ድስቱን አልጋ ሥር ገፋ አደርጋለሁ፤ ድስት ምን ወንጀል እንዳለበት እንጃ።

ልንሄድ ስናሰናዳ ድስቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አንገቱ የሚታጠፍ፣ በቻርጅ የሚሠራ የማንበቢያ መብራት።

«ፓ አንዊ! ልታስገድለን ነው?»

«መብራት በየጊዜው ይጠፋል አሉ» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አቀርቅሮ። «በምን ታነባለች? ድስት ከፍቶ የሚያይ ማን አለ?»

ላወጣው ነበር። የገዛበትን ደስታ ከፊቱ ላይ ሳየው እጄ እምቢ አለኝ፤ መልሼ ጠቀለልኩት።

በማግስቱ ከሌሎች መንገደኞች ጋር በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ተነሳን። ፍራሹ ጣሪያው ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። አንዊ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ ራሷን አስራ መሃላችን ተቀምጣለች። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን እንደጨረስን ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ግንድ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ከቁጥቋጦው ውስጥ አራት ወጣቶች ወጡ።

«ሁላችሁም ውረዱ! ስልክ ወንበር ላይ ይቅር!»

ወረድን። አንደኛው ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል፤ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ጠመንጃው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዕቃ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ፍራሹን አስፈትቶ በእግሩ ዘረጋው።

«የማነው?»

«የልጄ ነው። ልንድራት እየወሰድናት ነው» አልኩ።

ወደ አንዊ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ድስቱን አነሳ። ክዳኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ፈታ፣ መብራቱን አወጣ።

«ይኼስ?»

«መብራት ነው፣ ልጄ።»

«መብራት መሆኑማ ጠፍቶኝ ነው?» አንገቱን አጠፍ ዘርጋ አደረገው። «የተማሪ መብራት ነው። እኔም ነበረኝ።»

ፓ ቹንግ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ታየኝ።

«ባሏ ዶሮ ያረባል» አልኩ። «ጫጩት ሌሊት ብርሃን ይፈልጋል። ለዚያ ነው።»

«ስንት ጫጩት አለው?»

«ሁለት መቶ» አልኩ እኔ።

«ሦስት መቶ» አለ ባሌ፣ እኩል።

ልጁ ጠመንጃውን ከአንገቱ አወረደ። ባሌ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። እዚህ ቦታ ነው የምንቀረው ብዬ አሰብኩ። አንዊ ግን ፈንጠር ብላ ወጣችና ተቆጣች፤ በእኛ ላይ።

«ስንቴ ልንገራችሁ! ሁለት መቶ ነበሩ፣ ባለፈው ወር መቶ ጨመረ። የማታውቁትን ለምን ታወራላችሁ? ቤቱን ያየሁት እኔ ነኝ!»

ዓይኖቹ ከእሷ ላይ አልተነሱም። ጓደኞቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሙሽራ ከሆነች ዘፍኑላታ። ሙሽራ ዝም ተብሎ ነው እንዴ የሚሸኘው?»

አፌን ከፈትኩ። የሠርግ ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅ ሴት፣ አንድ ቃል ጠፋብኝ። ልጁ ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ ይጠብቀኛል።

ያኔ ከጀርባዬ ጭብጨባ ተሰማ። ዶሮ ብብቷ ሥር የያዘች አሮጊት ነበረች። የት እንደምትሄድ እንኳ አላውቅም፤ መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም። ዶሮዋን አጠገቧ ለቆመው ሰጥታ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ልጃችንን ውሰዷት፣ ጎጇችን ትቀዝቅዝ፤
አደራ በሰው አገር፣ ልቧ እንዳይተክዝ!»

ሾፌሩ ተቀበላት። ከዚያ ወፍራሙ ነጋዴ፣ ከዚያ ሕፃን ያዘለችው ሴት። እውነቱን አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔም እየዘፈንኩ አለቀስኩ። የሙሽራ እናት ስለሆንኩ ልቅሶዬ አላስጠረጠረኝም። አንዊ አቧራው ላይ ወገቧን እየነቀነቀች ጨፈረች። ጥርሷ ይታያል።

«በቃ፣ ሂዱ» አለ ልጁ። ግንዱን ገፉልን። መብራቱን አልመለሰውም። ስንነሳ በመስኮት አየሁት፤ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ እያበራ እያጠፋ ነበር።

ድንበሩን አለፍን። አሮጊቷ መውረጃዋ ሲደርስ አንዊን ጉንጯን መታ መታ አድርጋ፣ «ጠንክረሽ ተቀመጪ» ብላት ወረደች።

ቻንግ ስንደርስ ፍራሹ በመኝታ ክፍሉ በር በግድ ገባ። አልጋው ላይ ብናነጥፈው ግማሹ አየር ላይ ቀረ። አብራት የምትኖረው ልጅ ኡርሱል፣ ባዶ ጣውላ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣ ነበር። አንድ የማይገባን ነገር በፈረንሳይኛ ብላ ሳቀች። ባሌ የዳቦ ቢላ ተውሶ መጣና ፍራሹን ለሁለት ቆረጠው። ወለሉ የስፖንጅ ፍርፋሪ ሞላ። ግማሹን ለኡርሱል ሰጠናት። በወገቤ ያመጣሁትን አንሶላ እያነጠፍኩ፣ አራቱንም ጠርዝ እየደጋገምኩ ወደ ውስጥ ወተፍኩ፤ ካቆምኩ መሄድ ነዋ።

«ማሚ» አለች አንዊ። «እዚህ እኮ ጮክ ብዬ ማንበብ እችላለሁ።»

አቅፌያት ወጣሁ። ዞሬ አላየኋትም። ባየኋት ኖሮ ሁለታችንም ያን መንገድ ተመልሰን እንሄድ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ግንዱ ዳር ላይ ተገፍቶ ተጋድሟል፣ ሰው የለም። ሰው ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ያኔ ፈራሁ።

ብዙም ሳይቆይ የማ ኦዲሊያ የእህት ልጅ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሦስት ሆነው በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። «ፓ፣ የሰፈራችን ልጅ ስትዳር እኛ ምንም ሳንቀምስ?» አለ እየሳቀ። ባሌ ፍየላችንን ፈታና ገመዱን እጁ ላይ አስቀመጠለት። የዘንባባ ጠጅም ጨመርኩበት።

«አማቻችሁ መቼ ነው የሚመጣው? ልናየው እንፈልጋለን።»

«መንገዱን ፈርቶ ነው» አለ ባሌ።

«ማንን ነው የሚፈራው?»

ባሌ ጠጅ ቀዳለት። ጠጁን ቀስ ብለው ጨርሰው፣ ፍየሉን እየጎተቱ ሄዱ። ብርጭቆዎቹን ሳነሳ አንዱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ።

ይኼው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም፤ እኛም አንሄድም። በስልክ «ባልሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ዘንድሮ ጠባዩ ከብዷል ማሚ፣ ግን እችለዋለሁ» ትለኛለች፤ ትምህርቷን ማለቷ ነው። አንዴ «ባሌ ታሟል» ብላ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ለካ ፈተናው ተራዝሞ ነው።

ሰፈሩ ደግሞ አሁን አዝኖልኛል። ልጄ አልወለደችማ። ማ ኦዲሊያ ባለፈው እሑድ አንድ መራራ ሥር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቀቅላ ትጠጣው፣ ባሏም ይጠጣ አለች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብድግ ብላ የአንዊን ስም ጠርታ ጸሎት አስያዘች። ፓስተሩ ማኅፀኗ እንዲከፈት ለመነ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ። እኔም ከሁሉም አብልጬ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም፤ በሩን ነበር የማየው።