ከአጥሩ በር ሲታይ

ቀለም ቀቢው ብሩሽ የመጀመሪያውን ነጭ አበባ ሮዝ ቀለም ቀብቶ ሁለተኛውን በጣቱ ደገፍ እንዳደረገ ልጁ ከኋላው ደረሰችበት።

"አባዬ፣ በሞቴ ምን እያደረግህ ነው?"

"ዝም በይ፣ ገና አንደኛው እጅ ቅብ ነው" አለ ሳይዞር።

የተቀባው አበባ ግን ሁለተኛውን እጅ አልጠበቀም፤ ቀለሙ ከብዶት አንገቱን ደፋ።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ስለሆነ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ ብሩሽ ነው የሚለው። ሚስቱ "አማቾቻችን በጸደይ ሲመጡ ከልጄ ቀሚስ ጋር እንዲሄድ የአበባ መደቡን ሮዝ በሮዝ እናድርገው፤ ችግኝ ልግዛ" ስትለው በሙያው የገባችበት መሰለው።

"የቀለም ነገር ለእኔ ተዪው" አለ ደረቱን ነፍቶ። የቀይና የነጭ አበባ ዘር ባልዲ ውስጥ ገለበጠና፣ እንዳይዥጎረጎር በዱላ ደህና አድርጎ አማስሎ ዘራው። ቀይና ነጭ ሲቀላቀል ሮዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጸደይ ገባ፤ አበባው ፈካ፤ ቀዩ ቀይ፣ ነጩም ነጭ ሆኖ። ሚስቱ ለልጇ እጮኛ እናት "ግቢዬን መጥተሽ ብታዪው ሮዝ በሮዝ ነው" ብላ በስልክ አፏን ሞልታ ተናግራ ነበርና አበባው ከፈካ ወዲህ ባሏን አኩርፋዋለች። የምታናግረው በልጇ በኩል ብቻ ነው። እንግዶቹ ደግሞ የሚመጡት ዛሬ ነው።

"ለዚያ ሰውዬ ንገሪው" አለች አሁንም በረንዳው ላይ ቆማ፤ "ብሩሹን ያስቀምጥና ለእንግዶቹ አግዳሚ ወንበሩን ያውጣ።"

"አባዬ፣ ሰምተሃል" አለች ልጅ፤ መላላኩ ሰልችቷታል።

ከሚስቱ ዓይን ለመራቅ ሲል አግዳሚውን እየጎተተ እስከ አጥሩ በር ድረስ ወሰደው። ላቡን እየጠረገ ዞር ቢል ክው አለ። ቀይና ነጩ ከዚያ ርቀት ተቀላቅሎ መደቡ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኗል። ደስታው እንባውን ሊያመጣው ምንም አልቀረውም።

"ነይማ! ነይ እዪው!"

"የሚለኝ ካለ እዚህ መጥቶ ይበል በይው።"

ሄዶ የሚስቱን እጅ ይዞ እየጎተተ አመጣት፤ ልጅም ተከተለቻቸው። አየች።

"አሁንም ቡራቡሬ ነው በይው" አለች ለልጇ።

ብሩሽ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው። መደቡ ለእሷም ሮዝ በሮዝ ሆነባት። ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው።

"የእጮኛሽ እናት መነጽር ታደርጋለች?" ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

"ታደርጋለች፤ ያውም ወፍራም።"

ከበሩ ውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ። ሚስት ትንሽ አሰበች። መነጽሯን ከባሏ እጅ ተቀብላ ኪሷ ከተተችና የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዘች።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አለችው፣ ለራሱ ለብሩሽ። "ያዝ በዚያ በኩል፤ ይበልጥ ወደ አጥሩ እናስጠጋው፤ ሴትዮዋ ከሩቅ ትየው።"