ማንም ያልላከው ሰው

ኢሕሳን ያን ቃል አስቦበት አልተናገረውም። ዛሬም ቢጠይቁት «አፌ ላይ የመጣውን አልኩ» ይላል እንጂ ሰበብ አይደረድርም። ችግሩ የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው።

ኢሕሳን የደንገሌ የውሃ አባት ነው። ደንገሌ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ከበላይዋ ቄጠማና ደንገል የሚበቅልበት ሰፊ ጨፌ አለ፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ቀስ እያለ የሚለቅ። ከጨፌው የሚወጣው ወንዝ ነው የመንደሩ መስኖ። የውሃ አባት ማለት ደግሞ ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ የሚናገር፣ ሁለት ጎረቤታሞች አካፋ ይዘው ሲፋጠጡ መሀል የሚገባ ሰው ነው። ደሞዝ የለውም፤ ስድብ ግን አይቀርበትም። ኢሕሳን ሥራውን ከአባቱ ተቀብሎ ጺሙ እስኪሸብት ይዞታል። ሚስቱ ሞታ ልጁ ኢብቲሳም ወልድያ ካገባች ወዲህ ከሶላት ቀጥሎ ጠዋት የሚያስነሳው ጉዳይ ይኸው ብቻ ነው።

ድሮ ጨፌውንና የወንዙን ዳር ማረስ ክልክል ነበር። የወረዳው ምክር ቤት ያጸደቀው ደንብ ነው። ኋላ ያው ምክር ቤት፣ ለወጣቱ ሥራ እንፍጠር ብሎ ክልከላውን አነሳው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ክፉው ነገር ጨፌው አለመጠየቁ ነው። ወጣቶቹ ቦይ ቀደው ውሃውን አጠነፈፉት፤ ቀይ ሽንኩርት ዘሩበት፤ በወንዙ ዳር ፓምፕ ደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲያስጮኹ ዋሉ። የመጀመሪያው ምርት አጃኢብ ነበር። መርሳ ገበያ ላይ የደንገሌን ሽንኩርት ያላነሳ አልነበረም። ጥቂት በጋዎች አለፉና ወንዙ ከመንደሩ በታች ወዳለው ማሳና ወደ ታችኛው መንደር አልደርስ አለ። ኢሕሳንም ልጆቹ እንደጠፉበት ሰው በደረቁ ቦይ ሲመላለስ ይውል ጀመር።

ምክር ቤቱ መርሳ ላይ የሕዝብ አቤቱታ ሊሰማ መሆኑን በሰማ ጊዜ ለማንም ሳይናገር በባጃጅ ሄደ። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ የሚያውቀውን ተናገረ፤ ክልከላው ይመለስልን አለ። ሰብሳቢዋ ሂሩት የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። በጥሞና ሰማችውና፣

«አባባ፣ ማን ልኮዎት ነው?» አለችው።

«የደንገሌ ቅሬ ልኮኝ ነው» አለ።

ቅሬው አልላከውም። ግን እዚያ አገር ሰው ሹም ፊት ቆሞ «እኔ» አይልም፤ ነውር ነው። ቅሬ ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ ማኅበር ነው። ስለ መንገዱም ስለ ጤና ኬላውም አቤት ለማለት ኢሕሳንን ሁልጊዜ የሚልከው ቅሬው ነበር። አፉ የለመደውን አለ። ሂሩትም አንገቷን እየነቀነቀች፣ «ኅብረተሰቡ ራሱ ከጠየቀማ ትልቅ ነገር ነው» ብላ ለሌላ ቀን ቀጠረችው።

እሱ ከባጃጅ ሳይወርድ ወሬው ደንገሌ ገብቶ ነበር። ጁምዓ ከሶላት በኋላ የቅሬው ዳኛ አብዱልሐሊም ከመስጊዱ ግንብ ሥር ጠበቀው፤ ሽማግሌዎቹም ከኋላው ነበሩ። አብዱልሐሊም ክፉ ሰው አይደለም። የኢሕሳን ሚስት ስትሞት መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ ነው። ልጁ ረዲ ግን ጨፌው ውስጥ ሽንኩርት አለው።

«አያ ኢሕሳን፣ ማን ነው የላከዎ?»

«ማንም።»

«ታዲያ በኛ ስም?»

«አፌ አመለጠኝ። አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብለናል» አለ አብዱልሐሊም። «እንግዲህ ተመልሰው ይሂዱና ቃልዎን ያንሡ፤ ነገሩም በዚያው ይቅር። ልጆቻችን ከጨፌው ወጥተው የት ይግቡ? እንደነሱ ታላላቆች በረሃ ለበረሃ ሳዑዲ እንዲሄዱልዎ ነው?»

 የተባለው ሐቅ መሆኑን ኢሕሳን ያውቃል።

«ታችኛው መንደርስ ምን ይጠጣ?» አለ።

«እሱን አላህ ያውቃል። እርስዎ ካልተዉ ግን ከቅሬው ወጡ። ከዚህ ወዲያ አላስቸግርዎም።»

ከዚያ እስከ ቀጠሮው ኢሕሳን እንቅልፍ አልወሰደውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገሩ ቀላል ነበር። ሄዶ ውሸቴን ነው ቢል ከሰዎቹ ጋር ይኖራል። ዝም ቢል ደግሞ በውሸት ቃል ውሃውን ያገኝ ይሆናል። ሁለቱም አንጀቱን አላርስ አሉት።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አብዱልሐሊምና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሂሩት ስሙን ስትጠራ ኢሕሳን ኮፍያውን አስተካክሎ ተነሣ።

«አፉ በሉኝ» አለ። «ቅሬው አልላከኝም። ባለፈው የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አብዱልሐሊም እፎይ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። አሁን ኢሕሳን ቢቀመጥ ነገሩ አለቀ፤ ማታ ከሰዎቹ ጋር አንድ ትሪ ዙሪያ ነው። አልተቀመጠም።

«ማንም አልላከኝም፤ ወንዙ ግን ደርቋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ መኪናችሁን አስነሡና እዩት። ክልከላውን ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የምትመልሱትም እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ ሌላ ማን ዘንድ ልሂድ? ልጆቹን አታስርቡብን፣ ሌላ መሬት ፈልጉላቸው። ጨፌውን ግን መልሱልን። እኔ ተራ ሰጪ ነኝ፤ አሁን ተራ የምሰጠው ለአሸዋ ነው።»

ሂሩት እስክሪብቶዋን አነሣች። «እንግዲህ የማን አቤቱታ ልበለው?»

«የኔ» አለ ኢሕሳን። «የኔ የብቻዬ።»

«የኔ» የሚለውን ቃል ሹም ፊት ሲል የመጀመሪያው ነው።  ዞር ሲል የአብዱልሐሊም ወንበር ባዶ ነበር፤ የሽማግሌዎቹም።

የምክር ቤቱ ሰዎች መጥተው ወንዙን አዩ። ተከራከሩ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫም ክልከላው ተመለሰ። ፓምፖቹ ተነቀሉ። ለወጣቶቹ ሌላ መሬት ይፈለጋል ተባለ፤ እነሆ እየተፈለገ ነው።

ቅሬውም እንዳለው አደረገ። ማንም አልሰደበውም፤ ድንጋይ የወረወረበትም የለም። ሰላምታውን ይመልሱለታል፤ ሰላምታ መንፈግ አላህ ዘንድ ወንጀል ነዋ። «ወአለይኩም ሰላም» ይሉና ዓይናቸውን ወደ ሥራቸው ይመልሳሉ። የጎረቤቱ የነኢማ እናት ሲሞቱ ኢሕሳን አካፋውን ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ። ቁፋሮ ሊጀምር ጎንበስ ሲል አብዱልሐሊም አካፋውን በቀስታ ከእጁ ወሰደ።

«እርስዎ ይረፉ» አለው። «ሰው አለ።»

በአንቱታ ነው ያለው፣ በለሰለሰ ድምፅ። ኢሕሳን ቢመታው ይሻለው ነበር። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዳር ቆሞ ቀብሩን አየ፤ የኔን ጊዜስ ማን ይሆን እዚህ ጎንበስ የሚል ሲል ሆድ ባሰው። ቤቱ ገብቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

መርሳ ሲሄድ ፓምፕ ጠጋኙ ወርቁ ብቻ «አንተ ሰውዬ፣ እንጀራዬን ዘጋህብኝ እኮ!» እያለ ይቀልድበታል። የወርቁ ገበያ በእርግጥም ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም ሻይ ይጋብዘዋል። ኢሕሳን ለዚያች ቀልድ ሲል ጉዳይ ሳይኖረው መርሳ የሄደባቸው ቀኖች አሉ። ኢብቲሳም ደግሞ በስልክ «አባ፣ ወልድያ ይምጡ፤ እዚያ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ?» ትለዋለች።

«ውሃውን ለማን ትቼ?» ይላታል።

ያን ጊዜ ውሃው ገና አልመጣም ነበር።

ክረምቱ በደህና ገባ፤ ጨፌው ጠጥቶ ጠገበ። መኸሩ ተሰብስቦ መስኖ የሚጀመርበት ወቅት ሲደርስ ወንዙ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ከመንደሩ በታች አለፈ፤ ታችኛው መንደር ድረስ። የውሃ አባትነቱን አልነጠቁትም። ከቅሬው የወጣ ሰው ውሃ ማካፈል አይችልም የሚል ደንብ የለም፤ ደግሞም ያን ሁሉ ንትርክ ማን ሊሸከምላቸው?

ቦዩ በሚከፈትበት ጠዋት ሰዉ አካፋ አካፋውን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ተራ የአብዱልሐሊም ማሳ ነው፤ ረዲ ከጨፌው ከወጣ ወዲህ የአባቱን መሬት ያርሳል። ኢሕሳን ከቦዩ አፍ ላይ ቆመ። ውሃ ከመለቀቁ በፊት የውሃ አባቱ ዱዓ ያደርጋል፤ ሰዉ እጁን ዘርግቶ ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ «አሚን» ይላል። በአባቱ ዘመን ዱዓ ሲደረግ የሰዉ አሚን ከወዲያኛው ጋራ ይሰማ ነበር።

«ያ ረቢ፣ ውሃችንን በረካ አድርግልን» አለ እጁን ዘርግቶ።

ጠበቀ። አንድ ሰው አሳለው።

«ላይኛውንም ታችኛውንም አጠጣልን።»

ነኢማ እጇን ልትዘረጋ ቃጣትና ዙሪያዋን አይታ ከሻሿ ሥር መለሰችው። ረዲ የአካፋውን እጀታ ያሻሻል። አብዱልሐሊም ውሃውን ነው የሚያየው፤ ፊቱ ላይ ደስታ አለ፤ ደስታውን ግን ለኢሕሳን አላሳየውም።

«የተጣላነውን አስታርቀን» አለ ኢሕሳን። 

የመለሰለት የለም። ዱዓ ደግሞ አሚን ሳይባልበት ተንጠልጥሎ አይቀርም። ኢሕሳን እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈና፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሌሎች ሲሉለት የኖሩትን ቃል ራሱ አለው፤

«አሚን።»

ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በአካፋ ገፋ። ውሃው ወደ አብዱልሐሊም ማሳ ገባ፤ ሰዉም እየተንጫጫና እየተሳሳቀ ውሃውን ተከትሎ ሄደ።