ማብራት ያልነበረበት ብልቃጥ

ኪሪኮ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራ አሥራ አንዱም ከሽፎባታል። በጃፓኗ ኦቢሂሮ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራ የተሰጣት ሥራ አንድ ነበር። መዥገር ከላም ወደ ላም የሚያዛምተውን፣ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚኖረውን ጥገኛ ተሕዋስ በኤሌክትሪክ ታናጋዋለች፤ በዚያች ቅጽበት ባዕድ ዘረመል ታስገባበታለች። ዘረመሉ ከገባ ተሕዋሱ አረንጓዴ ያበራል፣ በኋላ የሚጨመርበትን ገዳይ መድኃኒትም ይቋቋማል። ያልገባበት ይሞታል። እስካሁን የተረፈ አልነበረም።

አለቃዋ ፕሮፌሰር ኦቺአይ በኮሪደሩ ሲያልፉ፣ "ለተሕዋሶችሽ ደም የምትሰጥሽ ላም ትታዘብሻለች፤ ደሟን ሁሉ መቃብር አደረግሽባት እኮ፤ የአሁኑ ሙከራ የመጨረሻሽ ነው" አሏት።

አሥራ ሁለተኛው ሙከራ በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። አረንጓዴ ነጥቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ደሙ መሐል ያበራሉ። ኦቺአይን ጠራቻቸው። አይተው ትከሻዋን መታ አድርገው ቶኪዮ ላለ ወዳጃቸው ሊደውሉ ወጡ።

ኪሪኮ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጠችውን ሁለተኛውን ብልቃጥ አነሳች። እሱ በኤሌክትሪክ ተመቷል እንጂ ዘረመል አልተጨመረበትም፤ ውስጡ ያለው ሁሉ መሞት ነበረበት። ያበራል። ሦስት ጊዜ አየችው። በአራተኛው ቀን የሴሎቹን ምግብ ስትቀይር ስልክ ጠርቷት ነበር፤ ተመልሳ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ስታልፍ የፈሳሽ መምጠጫውን ጫፍ መለወጧን አሁን ማስታወስ አልቻለችም።

ብልቃጡን ክሎሪን ውስጥ ብትደፋው የሚጠይቃት አልነበረም። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ፕሮፌሰር፣ ስልኩን ይዝጉት።"

"ምን ሆነሽ?"

"ማነጻጸሪያውም ያበራል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእጄ ሳላሻግር አልቀረሁም።"

ገብተው አዩት። "እንግዲህ ዘረመሉ መግባቱን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ለሌላ ሰው የምናሳየው ማስረጃ ግን የለንም። ከዜሮ ጀምሪ።"

"እሺ።"

"ደፍተሽው ዝም ማለት ትችዪ ነበር።"

"እችል ነበር።"

"እኔ ባንቺ ዕድሜ ደፍቻለሁ" አሉና መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። ምን እንደደፉ አልጠየቀቻቸውም።

ንጹሑ ውጤት አምስት ወር ፈጀ። በአራተኛው ወር የሌላ አገር ተመራማሪዎች ያንኑ ሥራ ቀድመው አሳተሙ፤ የእነ ኪሪኮ በሁለተኛነት አነስተኛ መጽሔት ላይ ወጣ። ኦቺአይ በመጋቢት ጡረታ ወጡ። ኪሪኮ የቀዳሚዎቹን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበችው፤ ጥሩ ሥራ ነበር።