ያልሞላው ጥቅል

በዓይን ሕክምና ማዕከሉ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራው ባለሙያ ዝርክርክ ነገር ጠላቷ ነው። ከየጤና ጣቢያው የሚላኩት የበሽተኞች ፋይሎች ድሮ ተደበላልቀው ነበር የሚገቡት፤ የአንዱ ፎቶ ከሌላው ቅጽ ጋር እየተዳበለ ሐኪሞቹን ሲያምስ ይውል ነበር። እሷ መጥታ አንድ ፕሮግራም ጻፈችና ነገሩን መስመር አስያዘችው። የአንድ በሽተኛ ፋይሎች በካርድ ቁጥሩ ይጠቀለላሉ፦ የቀኝ ዓይን ፎቶ፣ የግራ ዓይን ፎቶ፣ የነርሷ ቅጽ። ሦስቱ ሲሟሉ ጥቅሉ ወደ ሐኪሙ ያልፋል፤ እስኪሟሉ ይጠብቃል። አለቀ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ስህተት አልተመዘገበም። መጠበቅ እንደ ስህተት አይቆጠርማ! አለቃዋ በስብሰባ መሀል አስጨበጨበላት፤ ባልደረቦቿም «ጥቅልዬ» የሚል ስም አወጡላት። እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ትንሽ አብጦ ነበር።

እቤት ያሉት አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወጣት ሳሉ የስፌት መኪና መርፌ ተሰብሮ ግራ ዓይናቸውን አፍስሶታል። ቀሪዋን ደግሞ ሞራ እየሸፈናት ነው፤ ቶሎ ካልተገፈፈ ሥራም መንገድም ቀረ ማለት ነው።

«ጤና ጣቢያ የዓይን ፎቶ ከተነሣሁ አራት ወር ሆነኝ እኮ። እስካሁን አልጠሩኝም» አሏት፣ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ጋር እያታገሉ።

«አባዬ፣ ሲስተሙ የእገሌ አባት የኔ አባት አይልም። ተራህን ጠብቅ።» አለማዳላቷም ያኮራት ነበር።

«እኔስ እጠብቃለሁ። ያለችኝ ግን አንዲት ናት፤ እሷ ትጠብቀኝ እንደሆን እንጃ።»

በሳምንቱ አባቷ ሠላሳ ዓመት ከገቡ ከወጡበት የገዛ በራቸው ጋር ተላተሙና ግንባራቸው አበጠ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ አላስችል ብሏት የካርድ ቁጥራቸውን አስገባች። የቀኝ ዓይን፦ ገብቷል። ቅጽ፦ ገብቷል። የግራ ዓይን፦ በመጠበቅ ላይ።

ክው አለች። አንድ ዓይና አባት አዝሎ ያሳደጋት ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን አለው ብላ ደንብ ጽፋለች! ዝርዝሩን ስትከፍተው፣ ሌሎች ሠላሳ ስምንት ሰዎችም የሌለ ዓይናቸው ፎቶ እስኪመጣ ተሰልፈው አገኘቻቸው።

«ሪፖርቱ ላይ እኮ ምንም ችግር የለም» አላት አለቃዋ ግራ ገብቶት።

«እሱ ነው ችግሩ» አለችና ደንቡን አስተካክላ ሁሉንም ለቀቀቻቸው። የአባቷ ቀጠሮ ለማክሰኞ ወጣ።

እቤት ገብታ ስትነግራቸው እንባዋን መያዝ አቃታት። «እንዴት ይረሳል አባዬ? በየቀኑ እያየሁህ!»

«ልጅ ሆነሽ እኔን ስትስዪኝ» አሉ አባቷ፣ «ሁልጊዜ ሁለት ዓይን ነበር የምታደርጊልኝ። ደስ ይለኝ ስለነበር አንድም ቀን አላረምኩሽም።»