የቦጋለ ፖርትፎሊዮ

እንደኔ ሒሳብ የሚያስተምረው ቦጋለ ራሱን ማሻሻል ትዝ የሚለው ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ብቻ ነው። ዘንድሮም ወደ ትምህርት ቤታችን የሚያወጣውን የቁስቋምን ዳገት እያለከለከ ወጣና፣ "ሩታዬ፣ የሙያ ማሻሻያ ፖርትፎሊዮሽን እስቲ አንዴ" አለኝ።

ሰጠሁት። ዓመቱን ሙሉ ከክፍሌ የተማርኩትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ገለበጠው፤ ተማሪዎቹ እስኪጨርስ ይንጫጫሉ። ሳያነቡ መገልበጥ መቼም ተሰጥኦ ነው። "ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ልጆቹ ክፍልፋይ ረስተው አገኘኋቸው" የሚለውን እንኳ አልዘለለም።

ሱፐርቫይዘሩ መጀመሪያ የቦጋለን አገላብጦ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ፈረመለት። የኔ ጋ ሲደርስ ፊቱን አጠቆረብኝ።

"አታፍሪም፣ መምህርት? ከቦጋለ ገልብጠሽ ታመጫለሽ? ወሊዱ እንኳ ሳይቀር!"